ከፈጥኖ ደራሽ እስከ ልዩ ኃይል፦ የሐኪሙ ካርድ ምን ይላል?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችን ኮሚቴ «አንድ ነገር አቅርቢልን» ሲለኝ፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንደማወራ ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ የመረጥኩት ግን በሕክምና ትምህርት ቤት ማንም ያላስተማረንን፣ በድንገተኛ ክፍል ግን በየጊዜው በር የሚያንኳኳብንን ጉዳይ ነው። እሱም ጦር ሠራዊትም ተራ ፖሊስም ያልሆኑ፣ የአገር ውስጥ ጸጥታ እንዲያስከብሩ የታጠቁ ኃይሎች ጉዳይ ነው። በየዘመኑ ስማቸው ይለወጣል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቁስል ግን ስም አይለውጥም።

ይህን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ዛሬ የተሰበሰብነው ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት የቀሰሙት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ ነበር። ሥልጠናው ለ6 ወር የታሰበ ነበር፤ 8 ሳምንት እንደተማሩ ድርጅታቸው በአስቸኳይ እንዲመለሱ ጠራቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. አገራቸው ውስጥ ተያዙ፤ ከእስር የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ታሪክ የኮልፌ ልጅ ሁሉ በኩራት ይናገረዋል፤ ደግሞም ያኮራል። ነገር ግን ቀጥሎ መምጣት የነበረበትን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ለመሆኑ ፈጥኖ ደራሽ ራሱ ምን ነበር?

ፈጥኖ ደራሽ እንደ ስሙ ነው። ሁከት ሲነሳ ፈጥኖ እንዲደርስ የተቋቋመ፣ ከመደበኛው ፖሊስ ይልቅ እንደ ወታደር የሠለጠነና የታጠቀ ኃይል ነበር። ማንዴላን የተቀበሏቸው አዛዡ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። እኚህ ሰው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመው ሙከራውን ካከሸፉት መካከል ነበሩ። መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩትስ እነማን ነበሩ? የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። የፖሊስ ሠራዊቱ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም አብረዋቸው ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ንጉሡን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ኃይል ንጉሡ ላይ ተነሳ። ንጉሡን ያዳኑት ታደሰ ብሩ ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይተው በሜጫና ቱለማ ማኅበር ምክንያት ተከሰሱ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ከሕግ ይልቅ ለሰው የታመነ ኃይል፣ ነገ ማንን እንደሚጠብቅና ማንን እንደሚመታ አስቀድሞ አይታወቅም። ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ዘብ የሚባለውን ኃይል አቋቁማ ተጠሪነቱን በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ አደረገች። ቻይና የሕዝብ ታጣቂ ፖሊሷን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በማዕከላዊ ወታደራዊ ኮሚሽን ሥር ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ፈረንሳይ በተቃራኒው ወታደራዊ ማዕረግ ያለውን ዣንዳርሜሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አዛወረች። ብዙ ትልልቅ አገሮች እንዲህ ያለ ኃይል አላቸው። ልዩነቱ ያለው ኃይሉ ለማን መልስ ይሰጣል በሚለው ላይ ነው፤ ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ደርግ የምንለው ራሱ፣ ሙሉ ስሙን ስታዩት፣ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ ነበር። ፖሊሱም ብሔራዊ ጦሩም ከስሙ ውስጥ አሉ። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን እነሱ ብቻ አልበቁትም። በየቀበሌው አብዮት ጠባቂ ታጠቀ። የሶማሊያ ወረራ ሲመጣ ደግሞ ከዚህ ከኮልፌ ወደ ምዕራብ አለፍ ብሎ በሚገኘው ታጠቅ ጦር ሰፈር የሕዝባዊ ሠራዊት ሚሊሺያ ሠለጠነ። ከገበሬው ቤት የወጣው ያ ሚሊሺያ አገር ሊከላከል ሄደ፤ ውለታውን የሚረሳ የለም። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ምን እንዳደረገ፣ ከመካከላችን ታላቅ ወንድም ወይም አክስት ያጣ ሁሉ ያውቀዋል። የጎረቤት ልጅ የጎረቤትን ልጅ ከቤቱ አውጥቶ ወሰደ። ትእዛዙ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈረመበት፣ የተወሰደው የት እንደደረሰ ለእናቱ የሚነግራት አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሙያ የሚገባው። በቀይ ሽብር የሞቱት ስንት ናቸው? ግምቱ ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ይዋልላል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቁሞ ምርመራ ሲጀመር፣ የጅምላ መቃብር ቆፍረው ማስረጃ እንዲያወጡ ከአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ሰው በሞተበት ቀን ያልተጻፈው ነገር፣ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ከአጥንት ላይ ተነበበ። ያም ቢሆን ለጥቂቶች ብቻ ነው፤ ለብዙዎቹ ማንም አላነበበላቸውም።

በተመሳሳይ ዘመን አንድ ሌላ ነገርም ሆነ፤ ይህን በተለይ መምህራኖቻችን ታውቁታላችሁ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ፣ መንግሥት ምክንያቱ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው ብሎ አስታወቀ። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነበሩ። በሕክምናው ላይ እንዲያ ያለ ችግር አልተፈጠረም ብለው የመንግሥቱን ቃል ሳይቀበሉ ቀሩ። አስቡት፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ። ስለ ፕሮፌሰር ዐሥራት የኋላ የፖለቲካ ሕይወት እያንዳንዳችን የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል። እኔ የምናገረው ስለ ቀዶ ሐኪሙ ብቻ ነው። ያየውን አየሁ፣ ያላየውን አላየሁም የሚል ሐኪም ምን ማለት እንደሆነ ከፋኩልቲያችን ታሪክ መማር ከፈለግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ከእነዚህ ኃይሎች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ 6 ኪሎ ግቢ ይዘው ሲገቡ፣ ክብር ዘበኛ መጥቶ ተኮሰባቸው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የተማሪው ጥያቄ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ምክር ቤታችንና ጋዜጣችን ይመለስልን የሚል ነበር። ምላሹ የፖሊስ ዱላ ሆነ፤ ከቀናት በኋላ ሁከቱ ወደ ከተማ ወጣና ከ30 በላይ ሰው ሞተ። እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ተማሪዎች ነበርን። በሁለቱ መካከል ከ30 ዓመት በላይ አለ፤ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለውጧል፣ የኃይሉም ስም ተለውጧል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ፣ በሰኔና ቀጥሎም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ከአገር ወጥተው ያወጡት ቁጥር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰው መቁሰሉን ይናገራል። በኋላ ለምክር ቤቱ በቀረበው ሪፖርት ላይም የሟቾቹ ቁጥር ያው ነበር። የተለያዩት በፍርዱ ነው። ሰብሳቢው አብዛኛው ኮሚሽነር የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር አሉ፤ ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ እርምጃው ተገቢ ነበር አለ።

ልብ በሉልኝ። በፍርዱ ባይስማሙም ቁጥሩን ሊክዱት አልቻሉም። በቀይ ሽብሩ ቁጥሩ ራሱ የለም፤ እዚህ ግን ቁጥር አለ። ቁጥር ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሌሊት፣ እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የቁስሉን ቦታ፣ የሞተበትን ሰዓት ጽፎ ነው። ፍርድ የዳኛ፣ የፖለቲከኛና የታሪክ ነው። መጻፍ ግን የእኛ ነው። እኛ ካልጻፍነው ማንም የሚፈርድበት ነገር አይኖርም።

ታዲያ እንዴት ነው የምንጽፈው? እዚህ ያሉት ወጣት ሐኪሞች ይታገሱኝና ጥቂት የሥራ ነገር ላንሳ።

በጥይት የቆሰለ ሰው ሲመጣ ቅድሚያው ሕይወት ነው፤ መተንፈሻው፣ ደሙ፣ ከዚያ ሌላው። ከዚያ በኋላ ግን ካርዱ ላይ «የጥይት ቁስል» ብሎ መተው አይበቃም። የቁስሉ ቦታ ከሚታወቅ የአካል ምልክት በስንት ሴንቲሜትር ይርቃል? መጠኑ፣ ቅርጹ፣ ዙሪያው ጥቁረት ወይም ቃጠሎ አለው? የገባበት የትኛው፣ የወጣበት የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆንን አንገምት፤ «ቁስል አንድ፣ ቁስል ሁለት» ብለን እንግለጸው። በኋላ ፍርድ ቤት የቀረበ የተሳሳተ ግምት እውነተኛውን ማስረጃ ሁሉ ይዞት ይወድቃል። ልብሱን ስንቀድ በጥይቱ ቀዳዳ ላይ መቀሱን አናሳልፍ፤ ከቀዳዳው ፈንጠር ብለን እንቅደድ፣ ልብሱንም በወረቀት ከረጢት እናስቀምጥ። ጥይት ስናወጣ ጥርስ ባለው ብረት ፎርሴፕስ አንያዘው፤ ጥይቱ ላይ ያለው ጭረት ከየትኛው መሣሪያ እንደተተኮሰ የሚናገር ፊርማ ነው። ለማን እንዳስረከብን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ እንጻፍ።

ዱላም የራሱ ጽሑፍ አለው። በቆመጥ የተመታ ቆዳ ላይ መሐሉ የነጣ ሁለት ትይዩ መስመር ይታያል። ፊቱን ለመከላከል እጁን ያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንዱ አጥንት ነው። ብዙ የተደበደበ ሰው ደግሞ ላዩን ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል። ሽንቱ የኮካ ኮላ መልክ ካመጣ ግን ጡንቻው ተፈጭቶ ኩላሊቱን እየጎዳ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ትንሽ በልዞ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ሊገድለው ይችላል። ፈሳሽ ይሰጠው፣ ክሬያቲኒኑ ይታይ፣ ይተኛ። አስለቃሽ ጭስ የነካው ሰው ልብሱ ይውለቅ፣ ዓይኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ አስም ያለበት መሆኑም ይጠየቅ። የጭሱ ቆርቆሮ ራሱ በቅርብ ተተኩሶ ራስ ቅል ሊሰብር ይችላል፤ የጎማ ጥይትም ዓይን ያጠፋል። ሁለቱም «ገዳይ ያልሆነ» መሣሪያ ተብለው ቢጠሩም በቅርብ ርቀት ግን ሰው ገድለዋል።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ማን እንዳደረገው እኛ አላየንም። ስለዚህ «ፖሊስ መታው» ወይም «ታጣቂ ተኮሰበት» ብለን በራሳችን ቃል አንጽፍ። «ታካሚው እንዲህ ይላል» ብለን ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እናስቀምጠው። ቀጥሎ እኛ ያየነውን እንጻፍ፤ ያየነው ከተባለው ጋር ይስማማ እንደሆነም በሙያችን እንናገር። የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው፣ ማሰቃየትን ለመመርመርና ለመመዝገብ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ይህንኑ ነው የሚያስተምረው። ሐኪሙ ዳኛም ጠበቃም አይደለም። የሚያስፈልገው ታማኝ ዓይን ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ለሲቪሉ ብቻ አይደለም። ከእነዚያ ከሞቱት 6ቱ ፖሊሶች ናቸው፤ እነሱም ካርድ ነበራቸው፣ እናትም አላቸው። በድንጋይ ራሱ የተፈነከተው ፖሊስም ልክ እንደ ሌላው በሙሉ ይጻፍለት። የአንዱን ወገን ቁስል በዝርዝር፣ የሌላውን በአንድ መስመር የምንጽፍ ከሆነ፣ ካርዱ ያው እንደ ቀበሌው ታጣቂ ወገን ይዟል ማለት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ወደ ክሊኒክ መጣ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። እንቅልፍ አጥቷል፤ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ እግሩ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ አለ። እንደተለመደው «ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት። ዝም አለና «የነበረኝን ልንገርሽ ወይስ ያለኝን፣ ዶክተር?» አለኝ። የልዩ ኃይል አባል ነበር።

ስለ ልዩ ኃይል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ፈቀደ። ከ1999 ዓ.ም. የአቦሌ ጥቃት በኋላ በሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ ተቋቋመ፤ ሌሎቹም ክልሎች በየተራ ከባድ መሣሪያ እስከመታጠቅ የደረሰ ልዩ ኃይል አደራጁ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ብዙዎቹ ተዋጉ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌደራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሳ፤ ሐምሌ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የቀረውን እናንተም ትኖሩታላችሁ፣ እኔም እኖረዋለሁ።

በውሳኔው ትክክለኛነት ላይ እዚህ አንከራከርም፤ ቤቱም ለዚያ አልተሰበሰበም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ኃይል በአዋጅ ይቋቋማል፣ በውሳኔ ይፈርሳል። ሰውዬው ግን አይፈርስም። ፍንጣሪው እግሩ ውስጥ፣ ሌሊቱ ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ያደረገውም የተደረገበትም አብሮት አለ። ያ ልጅ ሌላው ቀርቶ የት እንደቆሰለ፣ ማን እንዳከመው የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እጁ ላይ የለችም። እሱ ያቆሰለውም ሰው፣ ካለ፣ ምናልባት የለውም። ሁለቱም ያለ ወረቀት ቀርተዋል።

ስለዚህ ይህ ማኅበር ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ መምህራኖቻችን፣ ለኢንተርኖች የጉዳት አመዘጋገብ ትምህርት ይሰጥልን። ግማሽ ቀን ይበቃል። የሰውነት ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ቅጽ በየድንገተኛ ክፍሉ ይቀመጥ። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአስከሬን ምርመራ ሸክም በምኒልክ ሆስፒታል ላይ ወድቆ እንደኖረ እናውቃለን። የሞተው ወደዚያ ይሄዳል፤ በሕይወት ያለውን የምንጽፍለት ግን እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ የታጠቀ ሰው ድንገተኛ ክፍል ገብቶ «ካርዱን አምጪ» ሲል፣ ብቻዋን በተረኝነት ላይ ያለች የ25 ዓመት ልጅ ምን ትበል? ደንቡን አስቀድመን ጽፈን እንስጣት፤ መረጃ የሚሰጠው በደብዳቤ፣ በሆስፒታሉ ኃላፊ በኩል፣ በሕግ አግባብ ነው። መሣሪያ በር ላይ ይቀመጣል። ተጠርጣሪም ቢሆን ታካሚ ነውና ሕክምናው ሳያልቅ ከአልጋ አይነሳም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያጸደቀው የኃይል አጠቃቀም መርህ፣ ለቆሰለ ሰው በተቻለ ፍጥነት ሕክምና እንዲደርሰው ማድረግ የጸጥታ ኃይሉ የራሱ ግዴታ ነው ይላል። ስለዚህ ይህ ፖሊሱን መቃወም አይደለም፤ የፖሊሱን ሥራ በሥርዓት ማገዝ ነው። ልጅቷ ግን ይህን ብቻዋን መናገር የለባትም። ከኋላዋ እኛ እንዳለን ትወቅ።

ሦስተኛ፣ ከመካከላችን በፖሊስ ሆስፒታልና በመከላከያ የምትሠሩ አላችሁ። እናንተ ከሁላችንም በላይ ከባድ ቦታ ላይ ናችሁ፤ አለቃችሁ የታካሚያችሁ አለቃ ነው። እባካችሁ አትራቁን። የምታዩትን የሙያ ችግር ከእኛ ጋር በሙያ ቋንቋ ተመካከሩ።

አገር ያለ ጸጥታ ኃይል አይኖርም። ሌሊት ላይ ሌባ ሲመጣ፣ ሕዝብ ሲጋጭ፣ የምንጠራው ፖሊስን ነው፤ ጥሩ ፖሊስ ደግሞ የሐኪም ወዳጅ ነው። የምመኘው ስሙ ከመንግሥት መንግሥት የማይለወጥ፣ መሐላው ለሕግ የሆነ፣ ጥፋቱም ልፋቱም በአግባቡ የሚጻፍለት ኃይል እንዲኖረን ነው። ያን መሥራት የሕግ አውጪው ድርሻ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን የእኛ ድርሻ አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ተረኛ የምትሆኑ አላችሁ። ካርዱን በሙሉ ጻፉት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስማችሁንም በሚነበብ ጽሑፍ።